ብዕርና መሬት በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት

የካቲት ሲጋመስ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ የጦሳን ተራራ ካራሰ በኋላ፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከሥራ የሚመለስ ሰው ሁሉ ዐይኑ ወደ ጓሮው ይሄዳል። ለዘር የተቀመጠው ድንች አጎንቁሎ ይጠብቃል። የጎመኑ ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ የሚተከልበት ቀን ይደርሳል። ካሮቱ መሳሳት፣ ሽንኩርቱ መኮትኮት ይፈልጋል። በልግ አጭር ወቅት ነው፤ እስከ ግንቦት ድረስ ያልተሠራበት ጓሮ በክረምቱ ጭቃና በውርጩ መካከል የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ያነሰ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ማታ ማታ በጠረጴዛው ላይ የጀመረው ጽሑፍ ቢኖረው ችግሩ እጥፍ ይሆንበታል። መሬቱም ወረቀቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የቢሮው ሥራ አሟጦ ያልወሰደውን ሰዓት ነው።

ይህ ጥያቄ በሙያ ማኅበር አባላት ዘንድ ዘወትር የሚነሣ ቢሆንም አዲስ አይደለም። በሀገራችን በመጀመሪያ ዘመናዊ ትምህርት ከቀሰሙት ሰዎች መካከል አንዱ፣ የመድፈኛ ሙያ ምሩቅ፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተውኔት ደራሲ፣ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት አርቃቂ፣ በመጨረሻም ገበሬ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይህን ጥያቄ በሙሉ ዕድሜያቸው ኖረውታል። ሕይወታቸው ዘጠና ሁለት ዓመት የፈጀ ረጅም ሕይወት በመሆኑ፣ ብዕርን ከሌላ ሥራ ጋር አጣምሮ ለመያዝ የሚሞክር ሰው ምን እንደሚያጣና ምን እንደሚያተርፍ ከእሳቸው ታሪክ በግልጽ ሊታይ ይችላል።

ከሳያደብር እስከ ሩሲያ

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሳያደብር በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ዘመኑ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የነገሡበት፣ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩበት ነው። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። የአድዋ ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ዕድሜያቸው ከዐሥራ ሁለት ዓመት ያልበለጠ ብላቴና ቢሆኑም ጌታቸውን ተከትለው ዘመቱ፤ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘውን ድልም በዐይናቸው ለማየት በቁ።

ከድሉ በኋላ በዚያው ዓመት ራስ መኰንን ብላቴናውን ለሩሲያዊው መኰንን ለሊዮንትየፍ ዐደራ ሰጥተው ወደ ሩሲያ ላኳቸው። በዚያም ኮሎኔል ሞልቻኖፍ የተባሉ መኰንን ቤተሰብ እንደ ልጅ ተቀብሎ አሳደጋቸው። ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ቋንቋውን አጥንተው፣ በፒተርስበርግ በሚገኘው በሚካኤሎፍ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። የመድፈኛ ትምህርት በዚያን ጊዜ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የምሕንድስና ትምህርት ነበር። የጥይትን ጉዞ መለካት፣ የመሬትን ከፍታና ዝቅታ በካርታ ማስፈር፣ የብረትን ጠባይ ማወቅ ሁሉ የዚህ ሙያ ክፍሎች ናቸው። ከሐረር የወጣው ልጅ እንዲህ ባለው ሥርዓት ተቀርጾ ከዐሥር ዓመት በላይ በባዕድ ሀገር ቆየ።

እሳቸው ሩሲያ በገቡበት ዓመት፣ በዚያችው ሀገር አንድ ሐኪም ብዕርንና ጓሮን አስማምቶ የመኖርን ነገር በተግባር ያሳይ ነበር። አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1892 ከሞስኮ በስተደቡብ ሜሊኾቮ በተባለ መንደር ርስት ገዝቶ ከቤተሰቡ ጋር ሰፍሮ ነበር። ኮሌራ በሠጋበት ወራት የአካባቢውን ገበሬዎች ያለ ክፍያ ያክማል፣ ትምህርት ቤት ያሠራል፣ ዛፍ ይተክላል። እኅቱ ማሪያም የአትክልቱን ቦታ በኀላፊነት ይዛ፣ በዚያ ቀዝቃዛ ሀገር እንግዳ የነበሩትን ቲማቲምንና አርቲቾክን ታበቅል ነበር። ዋናው ቤት በእንግዳና በሕመምተኛ ቢጨናነቅበት በአትክልቱ ስፍራ ውስጥ ትንሽ ቤት አሠራ፤ የታወቀውን ተውኔቱን፣ የባሕር ወፍን፣ እ.ኤ.አ. በ1895 የጻፈው በዚህች ጎጆ ነው። ተውኔቱ በቀጣዩ ዓመት በፒተርስበርግ መድረክ ላይ ሲወጣ በተመልካች ፌዝ ወደቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሞስኮ ዳግመኛ ሲታይ ግን ታላቅ ክብር አገኘ። የሐኪሙ ዕድል እንዲህ ሲሆን፣ ወጣቱ መድፈኛ በሀገሩ የሚጠብቀው መድረክ ይህን ያህል ትዕግሥት የሚያሳይ አልነበረም።

የአውሬዎች ኮመዲያ

ተክለ ሐዋርያት ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ያሳደጓቸው ራስ መኰንን በሕይወት አልነበሩም፤ በ1898 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። ዐፄ ምኒልክም በሕመም ላይ ስለነበሩ ቤተ መንግሥቱ የወራሽነት ሽኩቻ መናኸሪያ ሆኖ ነበር። ሕግንና ሥርዓትን ለምዶ የመጣ የተማረ ሰው በዚህ መካከል ቦታውን ለማግኘት ቀላል አልሆነለትም።

ለወሎ አንባቢ ከዚህ ዘመን ታሪክ ጎልቶ የሚታየው የልጅ ኢያሱ ጉዳይ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከሥልጣን ሲወርዱ ተክለ ሐዋርያት ከአውራጆቹ ወገን ነበሩ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ከደሴ የተነሣው የንጉሥ ሚካኤል ሠራዊት በሰገሌ ሜዳ ድል ሆነ፤ ንጉሡም ተማረኩ። በሁለቱም ወገን የወደቀው የሰው ብዛት ለብዙ ዘመን ለቅሶ ሆኖ ቀርቷል። አዲስ ሥርዓት እናመጣለን ያሉት ምሁራን ከዚህ ጦርነት በኋላ የጠበቁትን ያህል ለውጥ አላዩም። ሹመት በጉቦና በአማላጅ፣ ፍርድ በወገን የሚሆንበት አሠራር ባለበት ቀጠለ።

ይህ ቅሬታ ነው ብዕራቸውን ያስነሣው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ፋቡላ ወይም የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለውን ድርሰት ጻፉ። በአዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ቴአትር ተብሎ የሚታየው ነገር ዘፈንና ጭፈራ ብቻ መሆኑን ተመልክተው፣ በአውሮፓ ያዩትን እውነተኛ ተውኔት ለወገናቸው ለማሳየት አሰቡ። ለዚህም የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አደረጉ። ተረትን በእንስሳት አፍ መናገር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቀበሮንና የአንበሳን ተረት በእሳት ዳር ያልሰማ ልጅ የለም። አዲሱ ነገር ተረቱ ተዋናዮች ተመድበውለት በመድረክ ላይ መውጣቱና በዙሪያው የተቀመጡት ባለሥልጣኖች ራሳቸውን በአውሬዎቹ መልክ ማየታቸው ነበር።

ተውኔቱ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ በመኳንንቱ ፊት ታየ። ምጸቱ ለማን እንደሆነ ለመረዳት ማንም አልተቸገረም። ወሬው ከንግሥት ዘውዲቱ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ተውኔቱ ታገደ፤ የታተመውም እንዳይሠራጭ ተከለከለ። በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቴአትር ታሪክ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ከእገዳ ጋር መተዋወቁ እንዲህ ነው። የንግሥቲቱ ዘመን አልፎ እንደ ዮፍታሔ ንጉሤ ያሉ ደራስያን በመድረክ ላይ እስኪታዩ ድረስ ዓመታት አለፉ። ተክለ ሐዋርያትም ከዚያ በኋላ ወደ ተውኔት አልተመለሱም። ይህ ጉዳት የአንድ ደራሲ ብቻ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ ገና በችግኝ ላይ የነበረ ሙያ ከመደቡ የተነቀለበት ቀን ነውና።

ከተማና ሕግ

የተማሩት ሙያም ሥራ አላጣም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የጅጅጋ አስተዳዳሪ ሆነው በተሾሙ ጊዜ ከተማዪቱን በሥርዓት በተሠመሩ ቀጥ ያሉ መንገዶች ከፋፍለው እንድትመሠረት አደረጉ። የዛሬው መሐንዲስ የጅጅጋን መሐል ከተማ ካርታ ቢመለከት የአራት ማዕዘኑን ሥርዓት ሊያስተውል ይችላል። ቤት እንደ ባለቤቱ ፈቃድ በሚሠራበት ዘመን መንገድን ከቤት በፊት ማስመር ከፍ ያለ አሳብ ነበር።

ቀጥሎም ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ ተላኩ። አውራጃው ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ የአስተዳደር ማሻሻያ የተሞከረበት ሲሆን፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለው የአሰበ ተፈሪ ከተማ የዚህ ጥረት ማእከል ነበረች። በፋቡላ የተነቀፈው አስተዳደር በጨርጨር በተግባር እንዲታረም የተሞከረ ይመስላል። በጽሑፍ እንዳይናገሩ የተከለከሉ ሰው በመንገድ፣ በግብር መዝገብና በችሎት ሊናገሩ ሞከሩ። ከምሥራቁ ደጋ መሬት ጋር ያላቸው ትውውቅም በዚህ አገልግሎት ጠለቀ።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በበጅሮንድነት ማዕረግ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በዚሁ ጊዜ የተሰጣቸው ከባድ ሥራ የሀገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ማርቀቅ ነበር። ለመነሻ ያገለገላቸው እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ ይኸውም በጊዜው ከነበሩት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ጃፓንን የሥልጣኔ ምሳሌ አድርገው ይመለከቷት ስለነበር ነው። ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈረመ። ሰነዱ የንጉሡን ሥልጣን የሚያጠነክር በመሆኑ በኋላ ዘመን ብዙ ትችት ደርሶበታል፤ ይሁን እንጂ መንግሥት በተጻፈ ቃል ሊወሰን ይገባዋል የሚለውን አሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገሪቱ ያስገባ ነው። የእሳቸው ብዕር ያን ጊዜ ያገኘው ሥራ ይህ ነበር። ከሹመት ወደ ሹመት በተዘዋወሩባቸው ዓመታት ግን በደራሲነት ስማቸው የሚጠራ ሌላ ሥራ አልታየም።

ጄኔቫና ስደት

ከዚህ በኋላ በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተላኩ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት በተፈጠረ ጊዜ፣ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የሀገራቸውን አቤቱታ ካቀረቡት መካከል ዋነኛው እሳቸው ነበሩ። መድፍ የተማሩ ሰው ናቸውና ጠላት ምን ያህል መሣሪያ እንዳዘጋጀ ከማንም የተሻለ ያውቁ ነበር። ማኅበሩ ቀን ከቀን ሲያስረዝም የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ገባ።

የጦርነቱ እሳት ደሴን ያገኛት ወልወል በተነካ ልክ በዓመቱ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን በደሴ አድርገው ሳሉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዪቱን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገባቸው ድንኳኖችም ከጥቃቱ አልዳኑም። በጄኔቫ በቃል የተሟገቱለት ጉዳይ በደሴ ቤቶች ላይ በእሳት ተወሰነ።

ተክለ ሐዋርያት ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲነሡ፣ ይህ መነሣት አይገባም ካሉት ወገን ነበሩ። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ለስደት ተዳረጉ። ስደቱም ወደ ማዳጋስካር ደሴት አደረሳቸው፤ ሀገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላም ለብዙ ዓመታት በዚያው ቆዩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበረው ልዩነት በቶሎ የሚሽር አልሆነም። የሀገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቀው እጅ ከሀገሪቱ የጽሕፈት ጠረጴዛ ሁሉ ርቆ ዓመታትን አሳለፈ።

በዚህ መካከል ብዕሩ ከቤተሰቡ አልጠፋም። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። የመጽሐፉ ዋና ሰው በፈረንሳይ ሀገር የእርሻ ትምህርት ተምሮ፣ ለወገኑ ሊጠቅም የተመለሰ ወጣት ነው። የተማረ ሰው ከሹመት ይልቅ መሬትን መምረጥ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ በዚህ መጽሐፍ ጎልቶ ወጣ። አባትየውም ይህንኑ ጥያቄ በራሳቸው ኑሮ የሚመልሱበት ጊዜ ሩቅ አልነበረም።

ሂርና

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ከስደት ሲመለሱ እንደ ቀድሞው ወደ ሚኒስቴር አልገቡም። ኑሯቸውን ቀድሞ በሚያውቁት በምሥራቁ ደጋ፣ በሂርና አድርገው በእርሻ ተቀመጡ። ሂርና ከጭሮ ወደ ቁልቢ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በተራራ ጥግ ያለች ለም ቦታ ናት። ቡናና ማሽላ፣ ድንችና ሽንኩርት የሚበቅልባት ስትሆን እንደ ደቡብ ወሎ ሁሉ በበልግ ዝናብ የምትጠቀም ሀገር ናት። ስለዚህ የደሴ ሰው የዚያን አካባቢ ገበሬ የዓመት አቆጣጠር ያለ አስረጂ ሊረዳው ይችላል። የካቲት ሲደርስ ሰማይ ይታያል፤ ደመናው ከዘገየ ዘር ይዘገያል፤ ከበዛ ደግሞ ቡቃያው በአረም ይዋጣል።

ገበሬ በአንድ መሬት ላይ ብዙ ሰዓት ይቆጥራል። ሰላጣ በሁለት ወር ያህል ለገበታ ይደርሳል። ድንች ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል። ቡና ተተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስትና አራት ዓመት መታገሥ ግድ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ በትእዛዝ አይፈጥንም፤ በሥራው ቀን ካልተሠራም በሌላ ቀን አይካካስም። ይሁን እንጂ ጓሮ ከሰው የሚወስደው ሰዓት የታወቀ ነው። ማለዳና ማታ፣ በበልግ ብዙ፣ በበጋ ጥቂት ይወስዳል፤ የቀረውን ለባለቤቱ ይመልሳል። ሹመት ግን እንዲህ አይደለም። ሹመት ሌሊቱንም ሰንበቱንም ይወስዳል፤ ከወሰደው ሰዓት በላይ ደግሞ አእምሮን በሥጋትና በጥርጣሬ ይይዛል።

ይህ ልዩነት በተክለ ሐዋርያት ሕይወት በጉልህ ይታያል። ሚኒስትርና አስተዳዳሪ፣ መልእክተኛና ስደተኛ በነበሩባቸው ዘመናት ከፋቡላ ሌላ ለሥነ ጽሑፍ የተረፈ ትልቅ ሥራ አይገኝም። በእርሻ ኑሮ በቆዩበት ዘመን ግን የሕይወታቸውን ታሪክ በሰፊው ጻፉ። የሳያደብር ልጅነት፣ የሐረር ቤተ መንግሥት፣ የአድዋ ዘመቻ፣ የሩሲያ ትምህርት፣ የልጅ ኢያሱ ዘመንና የተከተለው ሁሉ በአንድ ሰው ዐይን ታይቶ በወረቀት ላይ ሰፈረ። ከዐፄ ዮሐንስ ዘመን ጀምሮ የኖረ ሰው የሚያስታውሰውን ነገር ሌላ ማንም ሊተካው አይችልም ነበር። ሳይጻፍ ቢቀር ኖሮ ከባለቤቱ ጋር የሚቀበር ሀብት ነበር።

ጽሑፉ በጸሐፊው ዘመን አልታተመም። የ1966ቱ አብዮት መጣ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ያረቀቁት ሕገ መንግሥትም የተከተለውም ያለፈ ዘመን ወረቀት ሆኑ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ይህን ሁሉ አይተው በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ወሩ በደጋው የበልግ ቡቃያ የሚለመልምበት ወር ነው። የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዛሬ የኢትዮጵያን የሃያኛ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሚያጠና ሰው ይህን መጽሐፍ ሳይመለከት አያልፍም።

የሕይወታቸው ትምህርት

ከዚህ ረጅም ሕይወት ለሙያ ሰው የሚተርፈው ነገር በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል። ተክለ ሐዋርያት ብዕርንና ሌላ ሥራን በሚዛን አስተካክለው የያዙ ሰው አልነበሩም። ሚዛኑ ከአንድ ጊዜ በላይ ተዛብቶባቸዋል፤ አንድ ጊዜ በእገዳ፣ አንድ ጊዜ በሹመት፣ አንድ ጊዜ በስደት። ሊጻፉ ይችሉ የነበሩ ተውኔቶች ሳይጻፉ ቀርተዋል፤ ይህም ማንም መልሶ ሊያመጣው የማይችል ኪሳራ ነው። ነገር ግን መሬት የብዕር ባላጋራ ሆኖ አልተገኘም። ከሁሉ የተረፈው መጽሐፍ የተጻፈው ጸሐፊው ገበሬ በነበሩበት ዘመን ነው።

በበልግ ማታ፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ወይም ከደሴ ቢሮዎች የሚመለሰው ባለሙያ እጁን ከአፈር አጥቦ ወደ ጠረጴዛው ሲቀርብ አንድ ገጽ ብቻ ቢጽፍ አይጠላም። ድንቹም የሚያድገው በአንድ ሌሊት አይደለም። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሁለቱንም፣ ጓሮውንም ወረቀቱንም፣ ለነገ እያሉ የበልጉን ወራት ማሳለፍ ነው። የሂርናው ገበሬ ዘር የሚዘራበትን ቀን እንደማያሳልፍ ሁሉ፣ የሚያውቀውን የመጻፊያ ጊዜም በመጨረሻ አላሳለፈም። አዝመራውን የሰበሰቡት ሌሎች ቢሆኑም ዘሩ በጊዜው ተዘርቷል።